ለድንበሩ ያስጠናኋት መልስ

ልጄ «እትዬ» ነው የምትለኝ። «እማዬ» የምትለው እናቴን ነው። አገር ቤት ይህ ማንንም አይገርምም፤ አያቱ ቤት ያደገ ልጅ ብዙው እንዲህ ነው። ታናናሾቼ እትዬ ሲሉኝ ሰምታ እሷም እትዬ አለችኝ፤ እኔ እናቴን እማዬ ስል ሰምታ እሷም እማዬ አለቻት። ያረማት ሰው የለም። መታረም ያለበት ነገር መሆኑም ለማናችንም አልታየንም።

አባቷ ሲሞት ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ጡት ካስጣልኳት በኋላ ለእናቴ ትቻት ወደ ጁባ መጣሁ። መጀመሪያ አንድ የአገሬ ሰው ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሠራሁ፤ ኋላ ሃይ ማላካል በሚባለው የጁባ ሰፈር አንዲት ክፍል ከነበረንዳዋ ተከራይቼ ቁርስ መሸጥ ጀመርኩ። ፉል፣ እንቁላል፣ ሻይ፣ ለሐበሻ ደንበኛ ደግሞ ፍርፍር። ቤቱ እግሩን ሲተክል ልጄን አስመጣኋት። ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር። ይዛት የመጣችው የሰፈራችን ሴት ናት። አየር ማረፊያው በር ላይ ተንበርክኬ እጄን ስዘረጋላት፣ ልጄ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ።

«ደህና ነሽ፣ እትዬ?» አለችኝ።

አያቷ ለእንግዳ እንዲህ አድርጊ ብላ ያስተማረቻትን ነው ያደረገችው። ጨዋ ልጅ ናት።

እኔ ከድሮም ስጉ ነኝ። በር ቆልፌ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን የምነካ ሰው ነኝ። ጁባ ደግሞ ስጋት የምታስረሳ ከተማ አይደለችም። ተኩስ ነው ሲባል፣ የለም ጎማ ነው የፈነዳው ሲባል፣ ነገ ገበያ ይዘጋል አይዘጋም ሲባል ነው ቀኑ የሚያልፈው። ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሳትም የምመልሳትም ራሴ ነኝ። ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ አላስቀምጣትም፤ በፀሐይ በእግራችን ነው። የምትጠጣውን ውሃ አፈላለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ፣ እንደገና እያየሁ እቀዳላታለሁ። እንዲህ ስጠብቃት እሷ በየጥቂት ቀኑ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች፤

«እማዬ ጋ የምመለሰው መቼ ነው?»

አታለቅስም። ዝናቡ መቼ ያባራል እንደሚባለው ነው የምትጠይቀኝ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ አባብላት ነበር።

አንድ ቀን ሳህን እያጠብኩ ስትጠይቀኝ ያላሰብኩት ቃል ከአፌ ወጣ። «ትምህርት ሲዘጋ ጂንጃ እወስድሻለሁ። ደርሰን ስንመለስ አሁንም እማዬ ጋ ልሂድ ካልሽ እልክሻለሁ።»

«ትምያለሽ?»

«እምላለሁ።»

ማልኩ። ከማልኩ በኋላ የያዝኩትን ሳህን ደጋግሜ አጠብኩት።

ጂንጃን ያየኋት በደንበኞቼ ስልክ ላይ ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ነጭ ዓባይ ከትልቁ ሐይቅ የሚወጣባት። ጀልባ አላት፣ ፈረንጅ በብስክሌት ይዞርባታል፣ ግቢው ውስጥ ጦጣ ይገባል። ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ የወሰዳትን ሰው ትወዳለች ብዬ ነው ያሰብኩት። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ለደንበኞቼ ስነግራቸው ግማሹ እውነት አልመሰለውም።

«አንቺ? ለመዝናናት?» አለኝ አንድ የሹፌሮች አለቃ፤ ሁልጊዜ ጠዋት እንቁላል ፍርፍር የሚበላ ሰው። «ጀበል ገበያ ድረስ ስትሄጂ እንኳ ተናዝዘሽ ነው የምትሄጂው እኮ!»

«ውሃው ደግሞ ይኸው በድልድያችን ሥር የሚያልፈው አይደል እንዴ?» አለ ሌላው።

«አይ፣ ልዩነት አለው» አለ የሹፌሮቹ አለቃ። «እዚህ ሲደርስ ልብስ ይታጠብበታል። እዚያ ፎቶ ይነሱበታል።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ግን ልጆቿን ኡጋንዳ የምታስተምር አንዲት ደንበኛዬ ስትሰማ ቆይታ ወደ ጎን ወሰደችኝ። «ድንበር ላይ ልጅ የያዘች ብቸኛ ሴትን አጥብቀው ነው የሚጠይቁት» አለችኝ። «ልጅ የሚሰርቁ አሉ። ደግሞ የእኛ ስም ያስቸግራቸዋል፤ አንቺ በአባትሽ፣ እሷ በአባቷ ነው የምትጠሩት። ፓስፖርቱ ላይ አትገናኙም። ልጅቷን አዘጋጂያት።»

አዘጋጂያት ያለችኝ ፓስፖርትና የልደት ወረቀቷን ይመስለኛል። እሱማ ተዘጋጅቷል፤ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ደረቴ ውስጥ ነው የሚጓዘው። እኔ ግን ልጅቷን ራሷን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ የማውቀው የትምህርት ዘዴ አንድ ነው፤ መሸምደድ። ልብስ ስንተኩስ፣ ሽንኩርት ስልጥ፣ ትምህርት ቤት ስንሄድ አስጠናት ነበር።

«ይቺ ማን ናት ቢሉሽ?»

«ሺ ኢዝ ማይ ማዘር።»

«የት ነው የምትኖሩት ቢሉሽ?»

«አይ ሊቭ ዊዝ ኸር ኢን ጁባ።»

«እትዬ እንዳትዪኝ እዚያ። እትዬ ካልሽ አበቃ።»

እሷ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ ጁባ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት። የከበዳት ነገር እሱ አልነበረም።

«እውነት ነው አይደል?» አለችኝ አንድ ቀን። «አንቺ ነሽ የወለድሽኝ።»

«እውነት ነው እንጂ!»

«እውነት ከሆነ ለምን አጠናዋለሁ?»

«ድጋሚ በይው» አልኳት።

የጉዞው ቀን መናኸሪያ የደረስነው አውቶቡሱ ሳይመጣ ነው። መቀመጫ የመረጥኩት አስቀድሜ ነበር። ፊት አልቀመጥም፤ ግጭት ከፊት ነው የሚጀምረው። ኋላ አልቀመጥም፤ ያነጥራል፣ ያስታውካል። መሃል ላይ፣ በስተቀኝ፣ ከሚመጣው መኪና ራቅ ብሎ። ልጄን በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳት፤ ከዚያ መስኮት ሲወረወር የሚመጣ ነገር ትዝ አለኝና ወደ ውስጥ አዛወርኳት፤ ከዚያ መተላለፊያው ላይ ሻንጣ ይወድቅባታል ብዬ መልሼ በመስኮቱ በኩል አደረግኳት። ቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ የስልክ ቁጥሬን በጨርቅ ላይ ጽፌ ሰፍቼበታለሁ። የነጠላዬን ጫፍ ደግሞ ከእጇ አንጓ ጋር ቋጠርኩት፤ ድንገት እንቅልፍ ቢወስደኝ ስትነሳ እንዲቀሰቅሰኝ።

ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጠች ረጅም ሴት ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ ነበር። ለአውቶቡሱ ረዳት በዓረብኛ፣ ለኋለኞቹ ተሳፋሪዎች በአገሯ ቋንቋ «ማሌ፣ ማሌ» እያለች ሰላምታ ሰጥታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጅ ነው የያዝሽው ወይስ እስረኛ?» አለችኝ፤ በጥሩ አማርኛ።

ደነገጥኩ። ሳቀች። ጋምቤላ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ አሁን ጁባ ማንጋቴን ሰፈር ነው የምትኖረው። እህቷ ካምፓላ ታማ ልትጠይቃት እየሄደች ነበር።

«አይዞሽ» አለችኝ። «ማፊ ሙሽኪላ፤ ችግር የለም። መንገዱ አስፋልት ነው። እኔ በዚህ መንገድ ስመላለስ ስንት ጊዜዬ መሰለሽ? ይኸው አልሞትኩም።»

«ያልሞቱት ናቸው የሚያወሩት» አልኳት።

«ኧረ አንቺስ!» ብላ ጭኗን መታች። ልጄም ፈገግ አለች። እኔን ሰው ሲያበሽቀኝ ደስ ይላታል መሰለኝ።

ከድልድዩ ወጥተን ወደ ድንበሩ ከተማ፣ ወደ ኒሙሌ፣ በሚወስደው መንገድ ስንገባ ሁሉም ውጪ ውጪውን ማየት ጀመረ። ቁጥቋጦው ከአስፋልቱ ጠርዝ ይጀምራል። ኬላ ላይ ወታደር ሲገባ፣ ወርዶ ሲሄድ፣ ከፊት ያለ የጭነት መኪና ቆሞ ሲታይ፣ ትንፋሼ የሚመለሰው አልፈነው ስንሄድ ነው። ልጄ ውሃ ጠይቃኝ አፏን ብቻ አርጥባ መለሰችው፤ እንዲህ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ሽንቷ ቢመጣ በዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ የት አስገባታለሁ?

«ሺ ኢዝ ማይ ማዘር» አልኳት በጆሮዋ፤ ኒሙሌ ልንደርስ ስንል።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«እትዬ አትበዪኝ አልኩሽ!»

ኒሙሌ የደቡብ ሱዳኑን ማህተም ካስመታን በኋላ በእግር ተሻግረን በኡጋንዳው በኩል ኤሌጉ ወረፋ ያዝን። ሻንጣ የሚጎትተው፣ ገንዘብ የሚመነዝረው፣ ሲም ካርድ የሚሸጠው ሁሉ ይጮኻል። ነጠላዬ አሁንም ከእጇ ጋር እንደታሰረ ነው። ወረፋው ደርሶን መስኮቱ ጋ ስንቆም ውስጥ የተቀመጠችው ሴት ፊቷ ደግ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፤ ፀጉሯ አጭር ነው። የእኔን ፓስፖርት አየች፣ የልጄን አየች፣ የልደት ወረቀቷን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ለልጄ ፈገግ አለችላት።

«ሄሎ። ስምሽ ማን ነው?» አለቻት በእንግሊዝኛ።

«ሺ ኢዝ ማይ ማዘር» አለች ልጄ።

ሴትየዋ ፈገግታዋን አላጠፋችም። «ስምሽን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ሺ ኢዝ ማይ ማዘር። አይ ሊቭ ዊዝ ኸር ኢን ጁባ» አለች ልጄ በአንድ ትንፋሽ፤ እንደ ግጥም።

አሁን ፈገግታው ጠፋ። ሴትየዋ ብዕሯን አስቀመጠች። የጠየቀችውን እኔም ተረዳሁት፤ «እንዲህ በይ ያለሽ ማን ነው?»

ልጄ ውሸት አታውቅም። «እትዬ» አለች።

«እትዬ ማን ናት?»

ልጄ በታሰረው እጇ እኔን አመለከተች። ነጠላው አብሮ ተጎተተ። ሴትየዋ ነጠላውን አየችው፤ ቋጠሮውን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት እስከዛሬ አልረሳሁትም። ልጄን ከሌባ ስጠብቅ የኖርኩ ሴት፣ ሌባዋ እኔ ሆኜ ቆምኩ።

ከወረፋው አውጥታ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባችን። ነጠላውን ፍቺው አለችኝ። ቋጠሮው አልፈታ አለኝ፤ ልጄ ናት በጥርሷ የፈታችው። እንግሊዝኛዬ የገበያ እንግሊዝኛ ነው፤ ስንት ነው፣ ቀንሺ፣ ነገ ነይ። ለዚህ አይሆንም። አፌን ከፍቼ አማርኛና ዓረብኛ ቀላቅዬ ስንተባተብ ያቺ የማንጋቴኗ ሴት ፓስፖርቷን በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች።

«እኔ ላስረዳ» አለች። ለሴትየዋ በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ነገረቻት። ከዚያ ለእኔ፤ «ስለ ስሙ ነግሬያታለሁ። ሀበሻ በባል ስም አይጠራም ብያታለሁ። እሱን ታውቀዋለች። የሚያስጨንቃት ልጅቷ ናት።»

«ወረቀቱስ? እናት ተብሎ የተጻፈው የኔ ስም ነው!»

ጠየቀችልኝ። መልሱ አጭር ነበር።

«ወረቀት ብዙ አይቻለሁ አለች።»

ሴትየዋ ወንበሯን ወደ ልጄ አስጠጋች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ልጄም ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰችላት። ከመልሱ የሰማሁት «ኢትዮጵያ» የሚለውን ነው። የማንጋቴኗ ሴት ወደ እኔ ሳትዞር ተረጎመችልኝ። «እማዬ የት ናት ብላ ጠየቀቻት። ኢትዮጵያ ናት አለቻት።»

ይህን ጊዜ ነው እናቴ ጋ እንደውል ያልኩት። የተሻለ ነገር የመጣልኝ መስሎኝ ነበር። ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከፍተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። እናቴ እንደ ሁልጊዜው ስልኩን በሩቁ ይዛ እየጮኸች አነሳች።

«እማማ፣ ደህና ነዎት?» አለች የማንጋቴኗ ሴት። «የኡጋንዳ ድንበር ላይ ነን። አንዲት ጥያቄ አለችን። ይህች ልጅ የማን ልጅ ናት?»

«የኔ ናት!» አለች እናቴ። «ምን ሆነች?»

ሴትየዋ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀች። ተርጓሚዬ አመነታች።

«እማማ፣ እንዲህ አይበሉ!» አለች ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ። «ልጅዎ ልትታሰርብዎት ነው!»

«የቷ ልጄ?»

«ሁለቱም!»

«ወይኔ! ያቺን ፈሪ ስጪኝ እስቲ! የት ወስዳ ነው ልጄን . . .» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል አልገባም አለ። እስከዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን ግድግዳውን ተደገፍኩ።

የአውቶቡሱ ረዳት መጥቶ በሩን አንኳኳ። «ሀበሻ! ያላ፣ ያላ! ሰው ሁሉ ገብቷል!» የማንጋቴኗ ሴት በዓረብኛ ጮኸችበትና ተመለሰ። ሴትየዋ ደግሞ ቀስ ብላ፣ በተርጓሚዬ በኩል፣ የሚሆነውን ነገረችኝ። አንቺ ቪዛሽ ደህና ነው፤ ማለፍ ትችያለሽ። ልጅቷ ግን የሕፃናትን ጉዳይ የሚያይ ሰው እስኪመጣ እኛ ጋ ትቆያለች። የሚመጣው ዛሬ ይሁን ነገ አይታወቅም።

«እኔም እቆያለሁ» አልኩ። «አውቶቡሱ ይሂድ።»

«ከእሷ ጋር ግን አይደለም አለች።»

በሕይወቴ የፈራሁትን ነገር ሁሉ አንድ ላይ ባደርገው የዚያችን ቃል ያህል አይሆንም። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ አየችኝ። ከዚያ ከወንበሯ ወርዳ ልጄ ፊት ቁጢጥ አለች፤ ለእኔ በጣቷ ዝም በይ የሚል ምልክት ሰጠችኝ፤ ለተርጓሚዋም ቃል በቃል ንገሪያት አለቻት።

«ማንም አይቆጣሽም። ማንም አይመታሽም። ከዚህች ሴት ጋር መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ጥያቄ ነው። ጂንጃ ድረስ የምጓዘው ይህን ጥያቄ ለማራቅ ነበር፤ ገና በር ላይ፣ በዩኒፎርም፣ በሰው አገር ተጠየቀ። ልጄ ደግሞ መልሱን ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ስትነግረኝ ነው የኖረችው።

ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ፍርሃት የለም፤ ግራ መጋባት ነው ያለው።

«እትዬ፣ ይሄን አላስጠናሽኝም» አለችኝ።

ልለምናት ነበር። እሺ በያት፣ እሺ በያት። ተውኩት።

«እኔም አላውቀውም» አልኳት። «የሚሰማሽን ንገሪያት።»

ሴትየዋ እንድናገር መፍቀዷ ገረመኝ። ልጄ በአማርኛ ተናገረች፤ እንግሊዝኛውን ትታ።

«እማዬ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ።»

ተርጓሚዬ ዓይኗን ጨፈነች። አልተረጎመችም።

«ብቻዬን ግን አይደለም» አለች ልጄ። «ከእሷ ጋ። እሷን ማን ያይልኛል? በሩን ቆልፋ ተመልሳ ትነካዋለች። ተቆልፏል እትዬ፣ አይቼዋለሁ ስላት ነው የምትሄደው። እኔ ከሄድኩ ማን ይላታል? እዚያው በሩ ላይ ነው የምትውለው።»

የማንጋቴኗ ሴት መተርጎም ጀምራ መሃል ላይ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቋን አቁማ እንደገና ጀመረች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ሴትየዋ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማች። በሩ፣ እጀታው፣ ሁሉም ተነገራት። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና ማህተሙን ሳበች።

ወረቀቶቼን ስትመልስልኝ አንድ ነገር አለችኝ። ውቀሳ ጠብቄ ነበር።

«ልጅሽን ውሃ አጠጫት አለች» አለችኝ ተርጓሚዬ። «ከንፈሯ ደርቋል።»

አውቶቡሱ ውስጥ ስንገባ የጠበቁን ሰዎች አጉረመረሙ። «ኸላስ፣ አለቀ፣ ሀበሾቹ ተፈተዋል፣ ንዳ!» አለች የማንጋቴኗ ሴት። ልጄ አንድ ጠርሙስ ውሃ እስከ ቂጡ ጠጣች። አውቶቡሱ ተነሥቶ አስፋልቱን ሲይዝ አንድ የጭነት መኪና በእኛ መስኮት በኩል ዧ ብሎ አለፈ። ጮኽኩ። ኡጋንዳ መኪና በግራ ነው ለካ የሚሄደው። ሩቅ ነው ብዬ የመረጥኩት ወገን፣ መጪው መኪና ሁሉ የሚታከከው ወገን ሆነ።

«ለውጪን እንግዲህ!» ብዬ የማንጋቴኗን ሴት ለመንኳት።

«እምቢ» አለችኝ። «ልጅሽ በመስኮቱ ታያለች። አንቺ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ልጄ በመስኮቱ አየች። ካሩማ የሚባለው ድልድይ ጋ ዝንጀሮዎቹን አይታ «እትዬ! እትዬ!» ብላ ስትጮህ ማንም ምን ማለቷ ነው ብሎ አልጠየቀንም። እኔ ግን ያን ሁሉ መንገድ አንድ ነገር ነበር የማስበው። እማዬ ጋ ልሂድ ስትለኝ እኔን ትታ የምትሄድ ነበር የሚመስለኝ። አንድም ቀን ከማን ጋር ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

ካምፓላ ከማንጋቴኗ ሴት ጋር ተለያየን። ልጄን ግንባሯን ሳመቻትና «እናትሽን ጠብቂያት» አለቻት። «እሺ» አለች ልጄ፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው።

ጂንጃ ፎቶው ላይ እንዳየሁት ናት። የድሮ ህንዶች የሠሩት በረንዳ ያለው ሱቅ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሯል፤ ቁምጣ የለበሱ ፈረንጆች ቡና ይጠጣሉ፤ ማንም አይቸኩልም። ይሄ ራሱ አስጨነቀኝ፤ ሰው የማይቸኩልበት ቦታ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። ጀልባው ላይ አልወጣም ብዬ ልጄ ብቻዋን እንዳትወጣም ከለከልኩ፤ ከዚያ አብሬያት ወጣሁ። ያለበሱን ጃኬት ቀበቶው መጥበቁን እኔ ስሞክር፣ ልጄ የኔን ትሞክር ነበር። «ጠብቋል፣ እትዬ» አለችኝ። ውሃው ከሥራችን ይገለባበጥ ነበር። ነጂው ሐይቁ አልቆ ወንዙ የሚጀምርበት ይኸው ነው ብሎ ሲያሳየን፣ ምኑ ላይ እንደሚጀምር እኔ አልለየሁትም። ልጄ ገብቷታል።

በማግስቱ ጠዋት መንገድ ዳር ካለ ጋሪ ላይ እንቁላል በቻፓቲ ጠቅልሎ የሚሸጥ ሰው ጋ ቆመን ቁርስ ገዛን። እነሱ ሮሌክስ ይሉታል። ሽንኩርቱን አብዝቷል፤ እኔ ብሆን ቲማቲሙን አስቀድሜ አበስለው ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስንበላ፣ ሌላ ቀን ሳልመድብ፣ አነጋገሩን ሳልለማመድ ነገርኳት።

«አብሬሽ እሄዳለሁ። እማዬ ጋ።»

ማኘኳን አቆመች። «ቤቱስ? ደንበኞቹስ?»

«ይዘጋል። ሌላ ቦታ ይበላሉ።»

«ይመለሳሉ?»

«አላውቅም።»

«ስንት ጊዜ ነው የምንቆየው? ትምህርት እስኪከፈት ነው ወይስ . . .»

«እሱንም አላውቅም» አልኳት። እንዲህ ያለ መልስ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ሃይ ማላካል ያለችው ክፍሌ፣ ስንት ዓመት የለመዱኝ ሰዎች፣ አገር ቤት ሄጄ የምሠራው ምን እንደሆነ፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጣብኝ። እሷ ግን ሌላ ነገር ነበር ያስጨነቃት።

«አልጋው አንድ ነው እኮ» አለችኝ። «እኔና እማዬ ነን የምንተኛበት።»

«እኔ መሬት እተኛለሁ።»

«መሬቱ ይቀዘቅዛል። ጁባ መሰለሽ?» የቻፓቲውን ጫፍ ቆርሳ ጎረሰች፣ አሰበች። «እኔ ግድግዳው ጋ እሆናለሁ። እማዬ ዳር ነው የምትወደው፣ በጠዋት ስለምትነሳ። አንቺ መሃል ትገቢያለሽ።»

«እሺ።»

«ታንኮራፋለች ደግሞ። እንዳትደነግጪ።»

«እናቴ እኮ ናት» አልኳት። «አታንኮራፋም።»

ልጄ እጇን በቀሚሷ ልትጠርግ አለችና ጠርዙ ውስጥ የተሰፋው ቁጥር ትዝ ሲላት በወረቀቱ ጠረገች።

«ድሮ ይሆናላ፣ እትዬ» አለችኝ። «አሁን ታንኮራፋለች።»